ጋሼን በካሴት የቀዳ አለ?

ከላይ ያለውን ጥያቄ በአንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የመለሱትን በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ባሕር ዳር ኖሮ ሌሊት ሬዲዮ ይከፍት የነበረ ሰው ሟቹን የሬዲዮ አቅራቢ ጋሼን አያውቃቸውም ብዬ አልገምትም። ስማቸውን አልጻፍኩም፤ አርባቸው ገና አልወጣም፣ ቤተሰቡም ስማቸው ከስልክ ስልክ እንዲዞር አልፈለገም። የጣቢያውንም ስም ዝም አልኩት። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ያቀርቡት ከነበረው የሸክላ ዘፈን ዝግጅት ቅጂ ያለው ሰው አለ ወይ?

ለምን እንደፈለግኩትም ጨመርኩ። ሌላው የድሮ ዘፈን አቅራቢ ጥላሁን ገሠሠን ወይ ማሕሙድ አሕመድን ከፍቶ ሻዩን ይጠጣል። ጋሼ ግን አንድ ሸክላ ሲያነሱ ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ፊቱ ይልቅ ጀርባውን ያስቀድሙ ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ አፋቸውን አይከፍቱም። ካለቀ በኋላ ስለ ዘፋኙ ትንሽ፣ ስለ አጃቢዎቹ ብዙ ያወራሉ፤ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው፣ ኦርጋኑ ላይ ማን እንደነበረ፣ ተጫዋቾቹ ከክቡር ዘበኛ ይምጡ ከፖሊስ ሠራዊት ወይስ ከምድር ጦር፣ ሸክላው ሕንድ ይታተም ቤይሩት። ዘፈኑን ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ያንን ወሬ ግን ከሳቸው በቀር ያወራልን የለም። ስለዚህ የምፈልገው ድምፃቸው ያለበትን ነው አልኩ።

በቁጥር 1 የመለሱት አባት ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል በጥበቃነት የኖሩ ናቸው። ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኙ፤ ከዚያ ሰዓት ስላልነበራቸው የሌሊት ዙራቸውን የሚያውቁት በጋሼ ዝግጅት እንደነበር ነገሩን። ሲከፈት አንዴ ይዞራሉ፣ መሐል ላይ ዜና ሲገባ አንዴ፣ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ። ቅጂ የላቸውም። ቁጥር 2 ነፍስ ይማር ብሎ ብቻ አለፈ።

ቁጥር 3 ዘጌ ያደገች ሴት ናት፤ ረዘም አድርጋ ጻፈች። ቡና በደረሰ ጊዜ እናቷና አክስቶቿ ማታ ማታ ቡና ሲለቅሙ ሬዲዮዋ ከመሐላቸው አትጠፋም። በባሕር ዳርና በዘጌ መካከል ያለው ውሃ ብቻ ስለሆነ ድምፁ ጥርት ብሎ ይደርሳቸዋል፤ ከቤዛዊት ኮረብታ ጀርባ የሚኖሩት ዘመዶቿ ግን ቅርብ ሆነው ሳለ ሽው ሽው ይልባቸው ነበር። እናቷ ጋሼን የሚወዷቸው ክራር ስለሚያበዙ ነው። አስናቀች ወርቁ ወይም ካሳ ተሰማ የገቡ ሌሊት ቡናው ሳይለቀም ያድራል።

ቁጥር 4 ጣቢያው ውስጥ ቴክኒሻን የነበረ ሰው ነው። ተስፋ አትቁረጡ ብሎ ጀምሮ ተስፋችንን ቆረጠው። ዝግጅቱ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው፤ ለማስረጃ ተብሎ የሚቀዳውም ቀኑ ሲያልፍ ሌላ ይቀዳበታል። ሸክላዎቹ የጣቢያው ሳይሆኑ የሳቸው ነበሩ። በካርቶን አድርገው ብስክሌታቸው ኋላ ላይ በገመድ አስረው ያመጣሉ፤ ክረምት ሲሆን ካርቶኑን በላስቲክ ይጠቀልሉታል፣ ራሳቸው ግን በስብሰው ይገባሉ። ይህን ሲጽፍ ትንሽ ልቡ የተነካ መሰለኝ፤ መጨረሻው ላይ የጣቢያውን አለቆች በነገር ወጋ አድርጎ ወጣ።

ከዚያ ቁጥር 5 መጣና አዲስ ነገር አነሳ። ጋሼ ሸክላውን አዘግይተው ያጫውቱ ነበር ይላል። መብራት በጠፋ ሌሊት የብዙነሽ በቀለ ድምፅ የወንድ እስኪመስል ይጎተት እንደነበር ደህና አድርጎ ያስታውሳል። ማጫወቻቸው ያረጀ መሆን አለበት፤ ሰዉ ዛሬ ስለሞቱ ያሞካሻቸዋል እንጂ ያን ጊዜስ እንዲህ ነበሩ አለ።

ቁጥር 6 ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው፤ እሱ ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ድንጋዩ (ባትሪው) ሲደክም ሬዲዮ ድምፁ ያንሳል፣ ይንኮሻኮሻል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል እንጂ አይጎተትም አለ። የሚጎተተው ሞተር ያለው ነገር ነው። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት፤ ድንጋይ ሲያልቅ ሞተሩ ይዘገያል፣ የሴቷም ድምፅ ይወፍራል። እንግዲህ ቁጥር 5 የሰማው ካሴት ነው፤ የማያውቁትን ሰው ከማማት መጀመሪያ የሚሰሙበትን ዕቃ መለየት ይሻላል ብሎ ዘጋው።

የቁጥር 6 ዓላማ ማሳፈር ነበር፤ ለእኔ ግን ከዚያ በፊት ከተጻፈው ሁሉ የሚጠቅመኝ ይኸው ሆነ። በቁጥር 7 ገባሁና ጠየቅኩ፦ ሰውዬው በካሴት ከሰማ የቀዳ አለ ማለት ነው፤ ካሴቱ የት ነው? መልስ የለም። ተሰድቦ ወጥቷል።

እሱን ስንጠብቅ ወሬው ወደ ሐይቁ ሄደ። ቁጥር 8 ጎርጎራ ሆኖ ጋሼን እየሰማ ያድር እንደነበር ጻፈ። ቁጥር 9 ሳቀበት፤ ጎርጎራ ከጣና ሰሜን ጫፍ ነው፣ ባሕር ዳር ከደቡቡ፤ ሐይቁ ከጫፍ ጫፍ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ኤፍ ኤም አይደርስም፣ የሰማኸው የሱዳኑን ኦምዱርማን ይሆናል አለው። ለነገሩ ኦምዱርማንን የሚሰማ ሞልቶ ነበር፤ የሱዳን ዘፈን እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ቋንቋውን የማያውቀውም አብሮ ያንጎራጉራል፤ መካከለኛ ሞገድ ደግሞ ሌሊት ከሰማይ እየተንጸባረቀ ድንበር ይሻገራል። ግን ቁጥር 8 አማርኛና ዓረብኛ የማይለይ አይመስለኝም። ጠጋኙ ተመልሶ ሁለቱንም ዳኛቸው። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ሆኖም ሰፊ ውሃ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ ከታች ቀዝቃዛ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ሲተኛበት ሞገዱ በሁለቱ መካከል ተይዞ ካሰቡት በላይ ይርቃል። ስለዚህ አንዳንድ ሌሊት ጎርጎራ ሊሰማ ይችላል፤ እየሰሙ ማደሩ ግን ማጋነን ነው። ቁጥር 8 በዚህ ተስማማ። ይህ ሰው ሲያስረዳ እንጂ ሲሳደብ ባይሰሙት ደግ ነው።

ቁጥር 10 ላይ ነገሩ ከረረ። ጋሼ አሰልቺ ነበሩ ይላል። አንድ ዘፈን ያሰሙህና ስለ ከበሮ መቺው አጎት ሁሉ ይተርኩልሃል። ብርቅ ብርቅ የምትሉትም ቀርቷል፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ሰብስቦ በሲዲ አውጥቶታል፣ ሲዲውም ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ እናንተ የምትፈልጉት ዘፈን ሳይሆን ለቅሶ ነው አለን። የመጨረሻው ነገር ባይጨመር ኖሮ ሐሳቡን ባከበርኩለት።

ቁጥር 11 መለሰለት፤ ከመልሶቹ ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው (ዘመኑን የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። አምኃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ድንጋጌውን እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ ልኮ አስቀረጸ፤ የነካው አልነበረም። በ1975 ከሀገር እስኪወጣ ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላና አንድ ደርዘን ያህል አልበም አወጣ። ካይፋና ፊሊፕስ የተባሉት አሳታሚዎችም በጎን አወጡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ሸክላውን ገደለው። ይህ የግል አሳታሚዎች የሸክላ ዘመን ከአሥር ዓመት አይበልጥም፤ ፋልሴቶም ብዙ አድኗል፣ እግዜር ይስጠው፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ጆሮ የመረጠው ነው። ጋሼ ግን በዚያ አልቆሙም። በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን በነበረበት ዘመን ከመድረክ በቴፕ የተቀዳውንም ያሰሙን ነበር፤ የኛን የጎጃሙን ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩን ፋሲለደስ፣ ማሪቱ ለገሠ የወጣችበትን የወሎውን ላሊበላ። አንድ የመድረክ ቅጂ ላይ ማሲንቆው እየተቃኘ ይሰማ ስለነበር ጋሼ ቅኝቱ ከባቲ ወደ አምባሰል ሲዞር እንዴት እንደሚሰማ ቆም ብለው አስረድተዋል። ይህን ስልክህ ውስጥ ፈልገህ አምጣልኝ አለው ቁጥር 10ን። ቁጥር 10 አላመጣም፤ በእጁ ምልክት ብቻ ተቀበለ።

ቁጥር 12 የድሮውን ዘመን ማድነቅ ጀመረ፤ ያን ጊዜ ዘፈን ነበር፣ ፍቅር ነበር፣ ጨዋነት ነበር። ቁጥር 13 አላስጨረሰውም። እነዚያ ሸክላዎች ሲዞሩ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ እያለቀ እንደነበር አስታወሰው። ቀጥሎም ደርግ ሰዓት እላፊ አወጀና ሙዚቀኛው ሆቴል ውስጥ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ የሚጫወትበት፣ ጨፋሪውም ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል የሚጨፍርበት ዘመን መጣ። ዘፈኑ ማለፊያ ነው፤ ዘመኑን አትሽጥልን አለው። ሁለቱ ከዚህ በኋላ በግል ሳይቀጥሉ አልቀሩም፤ ገጹ ላይ አልታዩም።

ቁጥር 14 ከሁሉ ያስደነገጠኝ ነው። ጋሼ ከአባቱ ሸክላ ተውሰው አልመለሱም ይላል። አባቱ መምህር ነበሩ፣ ፔዳ (የባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ) ያስተምሩ ነበር፤ ሳጥን ሙሉ ሸክላ ነበራቸው፤ ጋሼ መርጠው ወሰዱና ቀረ። ሙት አይወቀስም ይባላል፣ እኔ ግን እወቅሳለሁ አለ። ማንም ደፍሮ አልመለሰለትም፤ ገጹ ዝም አለ።

የመለሰችለት የጋሼ የእህት ልጅ ናት፤ ቁጥር 15። አልተቆጣችም። አጎቷ የተዋሱትን ሁሉ በደብተር ይጽፉ እንደነበር፣ የባለቤቱን ስም፣ ቀኑን፣ ሸክላው ላይ ያለውን ጭረት ሳይቀር፣ ሲመልሱም በቀይ እንደሚሰርዙ ነገረችን። ደብተሩ እጇ ላይ ነው። ያልተሰረዙ አሉ፤ ከነዚያም መካከል የአንድ የፔዳ መምህር ይገኝበታል። ሰውየው ከከተማው ተዛውረው አድራሻቸው ጠፍቶ እንደነበር አጎቷ ጎኑ ላይ ጽፈዋል፤ ሸክላዎቹም ስማቸው ተለጥፎባቸው ለብቻ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከሆንክ ናና ውሰድ አለችው። ቁጥር 14 ምስጋናም ይቅርታም ሳይጽፍ መቼ ልምጣ ብሎ ብቻ ጠየቀ። አንዳንዶች በዚህ ተቆጡበት። እኔ አልተቆጣሁም፤ የአባቱ ነው።

ደብተርና ሸክላ መኖሩ ሲሰማ ነጋዴ አይጠፋም። ቁጥር 16 ውጭ አገር የሚከፍል ሰብሳቢ አውቃለሁ፣ ያልተጫረ ካለ በዩሮ እንነጋገር አለ። ቁጥር 17 ሐዘን ቤት ገብቶ ዋጋ የሚጠይቅ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰው፤ መልሱን አልደግመውም። አንዱ ደግሞ መሐል ገብቶ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ጠቅሶ ሸክላን መሸጥና ከሸክላው አባዝቶ መሸጥ የተለያየ ነገር ነው ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ትክክል ነው፤ ግን የሰማው አልነበረም።

ቁጥር 5 የተመለሰው በዚህ ግርግር መሐል ነው፤ መልሱ ቁጥር 18 ሆኖ ተመዘገበ። ጠጋኙን አንድ ቃል ሳይመልስለት አለፈውና ካሴቶቹ እናቱ ቤት በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ መገኘታቸውን ነገረን። ወንድ ልጅ ሆኖ ሌሊት እየተነሳ ራሱ ነው የቀዳቸው። ደስ አለን። ቀጥሎ የጻፈውን ግን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ካሴት ውድ ስለነበር ጋሼ ማውራት ሲጀምሩ ክሩን ያቆመዋል፤ ዘፈን ሲጀምር ይለቀዋል። ጎበዝ ቀጂ የሚባለው ያን ጊዜ ወሬውን ቆርጦ ዘፈን ከዘፈን የሚያያይዝ ነበር፤ እሱ ደግሞ የሰፈሩ ጎበዝ ነበር። ካሴቶቹ ላይ ዘፈን ሞልቷል። ጋሼ ያሉት ጣቱ በዘገየበት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ላይ አንድ ሳል፣ ሌላው ላይ የአንድ ከበሮ መቺ ስም ግማሹ።

ሁላችንም እንዲሁ ነበር የምንቀዳው። ብርቁ ዘፈኑ ነው ብለን ወሬውን በጣታችን ስንቆርጠው ኖርን፤ ዘፈኑ ተመልሶ በየስልኩ መጣ፣ የቆረጥነው ግን ቀረ። ቁጥር 10 እንኳ ይህን ሲያነብ አልዘበተም። የዘጌዋ ልጅ በቁጥር 19 እናቷ ይህን ብትሰማ ያንን ጣት ትቆርጠው ነበር ብላ አሳቀችን።

ቁጥር 20 የቀድሞው ቴክኒሻን ነው፤ ስለ ካሴቱ አያያዝ መከረ። ሳጥን ውስጥ የኖረን ካሴት ዝም ብሎ አያጫውቱትም። የሐይቁ እርጥበት ሻጋታ ያበቅልበታል፤ መጀመሪያ ተከፍቶ ይታያል፣ ክሩ ነጭ ነጭ ካለ አይነካም። ንጹሕ ከሆነ በእርሳስ በእጅ ቀስ ብሎ ይጠቀለላል። የማጫወቻው ራስ በአልኮል ይጸዳል። የመጀመሪያው ማጫወት የመጨረሻው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ጊዜ ሳይጨመቅ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ። ስልክ ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጦ መቅዳት ኃጢአት ነው አለ።

ያበቃለት መስሎን ሳለ ቁጥር 21 መጡ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ዓመት በሌሊት ፈረቃ የሠሩ ሰው ናቸው። ጋሼ በሚያቀርቡበት ሰዓት እሳቸው ማሽን ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ባለቤታቸውን ለምነው ያስቀዱ ነበር። ባለቤታቸው ቁልፉን ተጭነው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ መቁረጥ የለ፣ ማቆም የለ። የ90 ደቂቃ ካሴት ስለሆነ በ45 ደቂቃው ገልብጠው እንደገና ይጫናሉ። ወሬው፣ ዜናው፣ የመክፈቻው ሙዚቃ፣ ሁሉም አለ። ብዛቱን ሲጠየቁ ቁምሳጥን የሚለውን ቃል ብቻ ነው የጻፉት።

ቁጥር 22 ባለቤታቸው ራሳቸው ናቸው፤ በልጃቸው ስልክ ነው ያጻፉት። ባላቸው የተናገሩትን አረሙት። ቁልፍ ተጭኜ ወደ ሥራዬ የምመለስ አልነበርኩም፤ ካሴቱን ለመገልበጥ ስል እንቅልፍ አጥቼ ነው የኖርኩት፤ ያንን ሰውዬ መጀመሪያ ላይ ረግሜዋለሁ አሉ። በኋላ ግን መስማት ጀመሩ፤ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን ከፉካሪ አፍ ወስዶ ሳክስፎን ላይ ሲያወጣው ማወቅ የተማሩት በዚያ ነው። ባለቤታቸው ከፈረቃ ሲመለሱ ቁርስ ላይ የሚያጫውቱትን እሳቸው ቀድመው ስለሰሙት ማን እንደነፋው ይነግሯቸው ነበር፤ ሰውየው እስከ ዛሬ አልወደዱትም። አንድ ነገር አስጠነቀቁ፦ ካሴቱ ከቤታቸው አይወጣም፤ የሚሰማም የሚገለብጥም እዚያው ይምጣ።

ቅዳሜ እዚያው ልንሰባሰብ ነው፤ ማጫወቻ ማን ያምጣ የሚለው ግን ገና አላለቀም። ጠጋኙ አለኝ ብሏል፤ ሆኖም ላስቲኩ ስለላላ ሳይቀየር አያመጣውም፣ ላስቲኩም ባሕር ዳር ውስጥ ጠፍቶበታል። ቅዳሜ መብራት ከሌለ ኢንቨርተር ይዤ እመጣለሁ፣ በድንጋይ አላጫውትም፣ ሴቶቹን ወንድ የሚያደርግብን ሰው እንዳይኖር ብሎ ደግሞ ቁጥር 5ን ነካው። ቁጥር 5 የሱ ማጫወቻ ላስቲክ ደህና መሆኑን፣ እሱን ግን ለጠጋኙ እጅ እንደማይሰጥ ጻፈ። የዘጌዋ ልጅ ሁለታችሁም ይዛችሁ ኑ ብላቸዋለች።